ዓሣ አራጅ አይፈልግም

አርባ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ፤ ደስ ብሎኛል። እንዲህ ስል ሰው ራሴን የማጽናና ይመስለዋል። ኧረ በጭራሽ! ወጣት ሳለሁ «ሰው ምን ይለኛል» እያልኩ ግማሽ ዕድሜዬን ፈጀሁት። አሁን ጉልበቴን ያመኛል፣ ደም ግፊት አለብሽ ተብዬ ጨው ቀንሻለሁ፣ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት መነጽር እፈልጋለሁ፤ ግን የመሰለኝን እናገራለሁ፣ የማይመቸኝን ጫማም አላደርግም። መነጽሩን መጀመሪያ ያደረግኩ ዕለት የወጥ ቤቴን ግድግዳ አይቼ ክው ነው ያልኩት። ለካ ያን ሁሉ ዓመት በዚያ ጥቀርሻ ሥር ነው የኖርኩት! የገረመኝ ግን ጥቀርሻው አይደለም፤ ያ ሁሉ ደንበኛ እያየ ዝም ማለቱ ነው። እኔ ብሆን በመጀመሪያው ቀን እናገር ነበር።

ሥራዬ ዓሣ መጥበስ ነው። ሐይቅ ከተማ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ዳር ትንሽ ቤት አለችኝ፤ ጠዋት የወጣው ዓሣ ከቀትር በፊት እኔ መጥበሻ ላይ ነው። ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ መምህሩ፣ ከአርዲቦ ወገን ለገበያ የመጣው ገበሬ፣ ሁሉም እኔ ዘንድ ይበላል። ዓሣ የተባረከ ነገር ነው። ሥጋ ሲሆን በእኛ አገር ሙስሊሙ ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፣ ክርስቲያኑም ሙስሊም ያረደውን አይበላም፤ ቤቱም ድስቱም ይለያል። ዓሣ ግን አራጅ አይፈልግም። ከውሃ ሲወጣ ጉዳዩ አለቀ። ስለዚህ ሁሉም ከአንድ መጥበሻ ይበላልኛል። በፆም ወራት «ዓሣ ይበላል፣ አይበላም» እያሉ የሚከራከሩ ክርስቲያን ደንበኞች አሉኝ፤ እየተከራከሩ ሁለተኛ ያዛሉ። እኔም አልገላግላቸውም፤ ክርክር ያስርባል።

ዓሣ ስትጠብሱ እጃችሁ ሥራ ይይዛል፣ አፋችሁ ግን ሥራ ይፈታል። በዚህ ምክንያት እኔ ሐሳብ የማልሰጥበት ነገር የለም። ስልክ ላይ «ደርሻለሁ» የሚል ሰው ገና ፊቱን እየታጠበ ነው። አስተናጋጅ ላይ የሚጮህ ወንድ ሚስቱንም አያከብርም፤ ልጃገረዶች ይህን ልብ በሉ። ለቅሶ ቤት ከሁሉ አብልጦ የሚጮህ ሰው ሟቹን ታሞ ሳለ አልጠየቀውም። ባሌ በቀን ከአሥር ቃል በላይ የማይናገር ሰው ነው፤ «አንቺ ለምን ሬዲዮ ጣቢያ አትከፍቺም» ይለኛል። ይህን ሲል የዕለቱን ግማሽ ጨረሰ ማለት ነው።

ይህ አፌ ባለፈው ጥር የልጄን ሠርግ ሊያበላሽብኝ ነበር።

ከአጥሩ ማዶ ጎረቤት አለችኝ፤ ሙስሊም ናት፣ የእኔው እኩያ። ሃያ ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ኖረናል። ልጄን የወለድኩ ጊዜ ገንፎዬን ያገነፋችው እሷ ናት። የእሷ ሴት ልጅ ደግሞ ራሷም ሕፃን ሆና የእኔዋን አዝላ ነው ያሳደገችልኝ፤ እግሯ እየተብረከረከ፣ ግን አልወርድም ትል ነበር የእኔዋ። በአጥራችን መሃል መሹለኪያ ነበረን፤ እሳትም፣ ጨውም፣ ልጅም፣ ወሬም በዚያ ይመላለሳል።

ያቺ ልጅ ዐረብ አገር ከሄደች ዘጠኝ ዓመት ሆናት፤ ሰው ቤት ትሠራለች። በምትልከው እናቷ ቤት አሠራች። ባለ ፎቅ ነው፤ ሴራሚክ አለው፣ ሰማያዊ መስታወት አለው። ልጅቷ ግን አንድም ቀን አልመጣችም። መጀመሪያ «ጣሪያው ይመታ» አለች፤ ከዚያ «ሴራሚኩ ይነጠፍ» አለች፤ ከዚያ «ላይኛው ፎቅ ይለቅ» አለች። እናቷ «መቼ ነው የምትመጪው?» ባለች ቁጥር መልሷ «ኢንሻአላህ» ነው፤ ቀን ቆርጣ አታውቅም።

አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ተቀምጠናል። የቅሬያችን ድንኳን ነው፤ ቅሬ የምንለው የሰፈሩን መረዳጃ ነው፣ ሌላው አገር እድር የሚለውን። ጎረቤቴ በዚያን ቀን አልመጣችም ነበር። ስለ ቤቷ ወሬ ተነሳ። አንዷ መስኮቱን ታደንቃለች፣ አንዷ በረንዳውን። እኔ ዝም ብዬ ልሰማ ስችል አፌን ከፈትኩና «ቤቱስ ቆመ፤ የፈረሰችው ልጅቷ ናት» አልኩ።

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዷ እንዲያውም «ይቺን ከየት አመጣሻት?» አለችኝ። እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። ወደ ቤቴ ስሄድ ለራሴ ደግሜ አልኳት። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ጉንጬን ያቃጥለኛል። ከዚያ ወዲህ የያዝኩት ደንብ አለ፦ ከአፌ የወጣ ነገር በጣም ካማረኝ እጠረጥረዋለሁ። የተንዛዛ ሐሜት ሦስት ቤት ሳያልፍ ይረሳል። አጭርና የሰላ ሐሜት ግን ባጃጅ እንኳ አይጠብቅም፤ በእግሩ ሮጦ ይደርሳል።

ማግስቱን ጎረቤቴ ዘንድ ደረሰ። አልተጣላችኝም፣ አልሰደበችኝም። መሹለኪያዋን በቆርቆሮ መታችው፤ የመዶሻውን ድምፅ ቁጭ ብዬ ሰማሁት። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ስንገናኝ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዙራ ታልፋለች። አሥራ አራት ወር! እኔም ልቤ እንቢ አለኝ። «ያልኩት እውነት አይደለም እንዴ?» እያልኩ ከራሴ ጋር እሟገታለሁ። አሁን እንደሚገባኝ ከሆነ፣ እውነት መሆኑ ነው ነገሩን ያባሰው። ውሸት ቢሆን ኖሮ ስቃ ታልፈው ነበር።

በዚህ መሃል ልጄ ተጠየቀች። ሙሽራው የአምባሰል ልጅ ነው፤ አምባሰሎች ማርና ዘፈን ላይ አይሰስቱም፣ ሰዓት ላይ ግን አትመኑዋቸው። ሽማግሌዎቹ ጠዋት ይመጣሉ ተብለው ለምሳ ደረሱ፤ የያዙትን ማር ስቀምሰው ግን ይቅር አልኳቸው። ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ተቆረጠ። ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ! ዓሣ እያገላበጥኩ እዘፍናለሁ፣ ደንበኛ ሒሳብ ሲጠይቀኝ «ልጄን ልድር ነው» እለዋለሁ።

ደስታዬ መሃል ላይ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝና ጭልፋዬን ይዤ ቆምኩ። የሙስሊሙን ድስት ማን ሊይዝልኝ ነው?

ይህን ከወሎ ውጭ ላለ ሰው ልንገር። በእኛ አገር ሠርግ ሁለት ወጥ ቤት አለው። ክርስቲያን ሲድር ለሙስሊም እንግዶቹ የሚያርደውና የሚያበስለው ሙስሊም ጎረቤቱ ነው፤ ሙስሊም ሲድርም ለክርስቲያኑ እንዲሁ። በሬውን ደጋሹ ያቀርባል፤ ቢላዋው፣ ድስቱ፣ ጭልፋው ግን ከጎረቤት ቤት ይመጣል። እንግዳው ዳሱ ውስጥ ሲገባ «ማን ነው ድስቱን የያዘው?» ብሎ ይጠይቃል፤ የሚያውቀውን ሰው ስም ከሰማ ቁጭ ብሎ ይበላል። ደጋሹ ደግሞ አስቀድሞ ጎረቤቱ ቤት ሄዶ «ድስቱን ያዥልኝ» ማለት አለበት። የእኔ ጎረቤት ሁለቴ ድስቷን ይዛልኛለች፤ እኔም የእሷን ወንድ ልጅ ስትድር የክርስቲያኑን ድስት ይዤላታለሁ። ግማሹ እንግዳዬ ሙስሊም ነው። እሷ እያለች ሌላ ደፍሮ የሚይዝልኝ የለም፤ እሷ ካልያዘችልኝ ግማሹ እንግዳ ውሃ ጠጥቶ ይመለሳል፤ የልጄ ሠርግ የግማሽ ሠርግ ይሆናል።

ሄጄ «ድስቱን ያዥልኝ» ማለት ነበረብኝ። ሦስት ጊዜ ነጠላዬን ለብሼ እስከ በሯ ሄድኩ፤ ሦስቴም ሌላ ቤት የምሄድ መስዬ አለፍኩ። አንዴ እንዲያውም ያላሰብኩትን ሳሙና ገዝቼ ተመለስኩ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ዓሣ እያገላበጥኩ ሳለ ብልጭ አለልኝ። ዓሣ! ለሙስሊሙ እንግዳ ዓሣ አቀርባለሁ! የዓሣ ጥብስ፣ የዓሣ ወጥ፣ የዓሣ ጉላሽ። ዓሣ አራጅ አይፈልግ፣ ልዩ ድስት አይፈልግ፣ በማንም በር ነጠላ ለብሶ መቆም አይፈልግ። ሃያ ዓመት እጄ ላይ የነበረ መፍትሔ! ብቻዬን ሳቅሁ። ወዲያው ወደ አጥማጆቹ ሄጄ ለሠርጉ ዋዜማ የወጣውን ዓሣ ሁሉ ለእኔ እንዲያመጡ አዘዝኩ።

ለባሌ ስነግረው እንጀራውን እንደቆረሰ አቆመ። «ሠርግ ነው ወይስ ሱባኤ?» አለ።

«ምን አለበት? ሰዉ የእኔን ዓሣ ከፍሎ ይበላው የለ!»

«እኛ ሥጋ፣ እነሱ ዓሣ» አለና የቆረሰውን ጎረሰ። ይህን ያህል መናገሩ ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን በሐሳቤ ፍቅር ይዞኝ ስለነበር አልሰማሁትም። ሰው በአንድ ሐሳብ በጣም ሲደሰት ሌላው የሚለውን አይሰማም። ይህም አንድ ደንብ ነው፤ ጻፉት።

ሐይቅ ትንሽ ከተማ ናት። አጥማጆቹን ባዘዝኩ በሦስተኛው ቀን፣ ልክ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ቤቱ ግጥም ብሎ ሞልቶ ሳለ ጎረቤቴ በሩ ላይ ቆመች። አሥራ አራት ወር ሙሉ ያልረገጠችው በር ነው። ለደንበኞቹ «አሰላሙ አለይኩም» አለች። ሁሉም መለሱላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ለእስላሙ እንግዳ ዓሣ ልታቀርቢ ነው አሉ።»

ሞኝ አንደበት ይዞኝ «ዓሣ ምን አለበት? ዓሣ እኮ አራጅ አይፈልግም» አልኳት።

«አራጅ አይፈልግም» አለች ራሷን እየነቀነቀች። «ጎረቤትም አይፈልግም ማለትሽ ነው?»

ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ማላመጥ አቆመ።

«ያኮረፍሽኝ መስሎኝ…»

«አኩርፌ ነው እንጂ ሞቼ ነው እንዴ?» ድምፅዋ ከፍ አለ። «ኩርፊያና ድስት ምን አገናኘው? ወላሂ፣ የልጅሽ ቀለበት ከታሰረ ጀምሮ ድስቶቼን ፈትጌ፣ ዛሬ ትመጣለች፣ ነገ ትመጣለች እያልኩ ነው የተቀመጥኩት። ባሌ ቢላዋውን ሁለቴ አስልቷል። አንቺ ግን በደጄ እያለፍሽ ሳሙና ትገዣለሽ! ያቺን ልጅ ያሳደገቻት የማን ልጅ ናትና ነው ለሠርጓ ከእኔ ወገን የሚመጣው ሰው ዓሣ በልቶ የሚሄደው?»

ከጥግ በኩል አንድ ሾፌር ቀስ ብሎ «እትዬ፣ ዓሣው አረረ» አለኝ። እውነትም አርሯል። መጥበሻውን አወረድኩና መሐረቤን ይዤ ወደ እሷ ቀረብኩ። «ያን ጊዜ ያልኩት ነገር እኮ፣ እኔ ማለት የፈለግኩት…»

እጇን አነሳች። «ለእኔ አታብራሪልኝ። ይቅር በይኝ፣ አፉ በይኝ የምትይው እኔን አይደለም። እሷም ሰምታለች።»

«ልጅቷ?»

«ሰው ክፉ ወሬ ለማድረስ ባሕር ይሻገር የለ? ነግረዋታል።» ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ግን አላፈሰሰችውም። «የሠርጉ ቀን ትደውላለች። ስልኩን ለአንቺ እሰጥሻለሁ። ለእሷ ትናገሪያለሽ። እሷ አፉ ካለችሽ እኔም ብያለሁ። እሷ ካላለች ድስቱን ይዤልሽ፣ ሠርጉን አሳምሬልሽ፣ እዚያው ይበቃናል። እስከዚያ ስለ ድስት ብቻ ነው የምናወራው።»

«እሺ» አልኩ። ከዚያ ነገሩ በወጉ እንዲሆን ብዬ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ «ድስቱን ያዥልኝ» አልኳት።

«ይዣለሁ» ብላ ወጣች።

አጥማጆቹ ዘንድ ሄጄ ትእዛዜን ሰረዝኩ፤ ሳቁብኝ፣ ይበለኝ። የቀሩትን ቀናት እንዴት እንዳለፍኳቸው አላውቅም። አፉ በይኝ የምልበትን ንግግር ባሌ ላይ እለማመዳለሁ። እሱ አልጋው ላይ ተቀምጦ ልጅቷን ሆኖ ይሰማኛል። «ልጄ፣ አፉ በይኝ፣ ግን አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔ ስለምወድሽ ነው…» እላለሁ። ባሌ ራሱን ይነቀንቃል። «ልጄ፣ አፉ በይኝ፣ ሰዎቹ ናቸው እንጂ ያጋነኑት…» ይነቀንቃል። አምስት ዓይነት ሞከርኩ። በመጨረሻ «ሲያጥር ይሻላል» አለኝ፤ ብዙ የሚያውቅበት ጉዳይ ስለሆነ አመንኩት።

የሠርጉ ዋዜማ ጎረቤቴ ድስቶቿን አመጣች። ከቤቷ እስከ ቤቴ በመሹለኪያው ቢሆን አሥር እርምጃ አይሞላም። እሷ ግን ቆርቆሮውን አላነሳችም፤ ባጃጅ ተኮናትራ፣ ድስቶቹን ጭና፣ በአስፋልቱ ዞራ በዋናው በር ገባች። ሁለት ጊዜ ተመላለሰ ባጃጁ። ሾፌሩ ከየት ወዴት እንደሚያደርስ ሲገባው ሳቁን መያዝ አቃተው። እኔም ልስቅ ነበር፤ ፊቷን ሳየው ዋጥኩት።

በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ የእሷ ባል ከዳሱ ግራ «ቢስሚላህ» ብሎ አረደ፤ ከዳሱ ቀኝ ደግሞ የእኛ ወገን «በስመ አብ» ብሎ አረደ። ከዚያ እሷ በዚያ ወገን፣ እኔ በዚህ ወገን፣ እንደ ሁለት ጄኔራል ተሰለፍን። የሴቲቱ ችሎታ! ሽንኩርቱ ሲቁላላ ሽታው እስከ አስፋልቱ ይደርሳል። አንድ ጭልፋ ከዚህ ወደዚያ እንዳያልፍ ዓይኗ እንደ ጉበኛ ነው፤ አንዷ የእኛ ልጅ ተሳስታ የእነሱን ማማሰያ ልታነሳ ስትል ከዚያ ማዶ ጮኸችባት። ከእኔ ጋር የምታወራው ስለ ድስት ብቻ ነው።

«ጨው አለሽ?»

«አለኝ።»

«ላኪልኝ።»

በቃ። እኔ ደግሞ ዝምታ አይሆንልኝም፤ ውስጤ በወሬ ሊፈነዳ ነው። ሙሽራዋ አምራለች፣ አምባሰሎቹ በሰዓቱ መጥተዋል (ይህ ራሱ የሚወራ ተአምር ነው)፣ ከማራቸው የተበረዘው ብርዝ ጣፋጭ ነው፣ ማሲንቆው ዳሱን እያነቃነቀው ነው፤ ይህን ሁሉ ለእሷ መናገር ነበር የምፈልገው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ነገር ሲደርስብኝ መጀመሪያ የምነግረው ለእሷ ነበር። ያን ቀን በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ናፈቀችኝ፤ በሁለት ድስት ርቀት ላይ ቆማ ናፈቀችኝ። ከማዶ አንድ ሽማግሌ ዳሱ ውስጥ ሲገቡ «ማን ነው ድስቱን የያዘው?» ብለው ሲጠይቁ ሰማሁ። የእሷን ስም ሲሰሙ «አልሀምዱሊላህ» ብለው ቁጭ አሉ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል በልቶ ጠገበ። ይህን በዓይኔ ካየሁ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ።

ስምንት ሰዓት ገደማ ስልኳ ጮኸ። እጇን ታጠበች፣ በቀሚሷ አደረቀች፣ ትንሽ ካወራች በኋላ መጥታ ስልኩን እጄ ላይ አስቀመጠችው። ወደ ድስቷ ተመለሰች።

ከዳሱ ጀርባ ዞርኩ። ልጅቷ በቪዲዮው ትታያለች፤ ፊቷ ቀጥኗል፣ ሻሿን ወደ ኋላ አስራለች፣ ከኋላዋ ነጭ ግድግዳና የሩዝ ከረጢቶች አሉ። «እትዬ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! መዳም ተኝታለች፤ ግማሽ ሰዓት አለኝ» አለች።

«ልጄ፣ አፉ በይኝ። ያን ክፉ ቃል የተናገርኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ በኋላ ሊመጣ የነበረውን ሁሉ ጥርሴን ነክሼ ዋጥኩት። በሕይወቴ እንዲህ የከበደኝ ሥራ የለም።

«ስሰማ አለቀስኩ እትዬ። ሁለት ቀን። መዳም ስትጠይቀኝ ሽንኩርት ነው አልኳት» አለች። ፊቷን በእጇ ጠረገች። «አፉ ብያለሁ። ግን አንድ ነገር አድርጊልኝ። ቤቱን አሳይኝ።»

«እናትሽ አላሳየችሽም?»

«እማ ስልክ ስትይዝ ጣሪያ ብቻ ነው የሚታየኝ። ሌላው ሰው ደግሞ ሁሉም አምሯል፣ ሁሉም አምሯል ነው የሚለኝ። አንቺ እውነቱን ትነግሪኛለሽ።»

የገዛ ልጄን ሠርግ ጥዬ ወጣሁ! በአስፋልቱ ዞሬ፣ ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ገባሁ። ሳሎኑን አሳየኋት። «ሴራሚኩ ያማረ ነው፤ ግን ያንሸራትታል፣ እናትሽ ምንጣፍ ደርባበታለች» አልኳት። ሳቀች። ኩሽናውን አሳየኋት። «እናትሽ እዚህ አታበስልም። ምድጃው ላይ ዳንቴል አንጥፋ የፕላስቲክ አበባ አስቀምጣበታለች፤ ወጡ አሁንም የሚሠራው ጓሮ ነው።» «ያ ረቢ! ለካ ለዚህ ነው ፎቶ ላይ ምንጊዜም ንጹሕ የሆነው!» አለች። ደረጃውን ስወጣ «ሦስተኛው ደረጃ ከሌሎቹ ከፍ ይላል፤ ግንበኛችሁ ሳይለካ ነው የሠራው፣ ስትመጪ ተጠንቀቂ» አልኳት። ያን ጊዜ አልሳቀችም፤ ፊቷን ወደ ስልኩ አቀረበች።

ላይኛው ፎቅ ጥግ ላይ የእሷ ክፍል ነው። በሩን ከፈትኩ። መስኮቱ ሐይቁን ያያል፤ ፀሐይ ወለሉ ላይ ተነጥፋለች። አልጋ አለ፣ ትልቅ፣ ሰፊ። ፍራሹ ከፋብሪካ እንደወጣ በፕላስቲኩ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ማንም አልተኛበትም።

«እስኪ ተቀመጪልኝ» አለች።

ተቀመጥኩ። ፕላስቲኩ ተንኮሻኮሸ።

«እውነቱን ንገሪኝ እትዬ። ይመቻል?»

እኔ ስለ ማንም ሰው አልጋ፣ ስለ ማንም ሰው ትዳር፣ ስለ ማንም ሰው ልጅ ሐሳብ ያለኝ ሴት ነኝ። «አላውቅም ልጄ» አልኳት። «መጥተሽ ተኝተሽበት አንቺ ንገሪኝ።» ከዚያ አለቀስኩ።

በሩ ላይ ጎረቤቴ ቆማለች። ጭልፋዋን እንደያዘች ነው ተከትላኝ የመጣችው፤ ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም። መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች፤ ፕላስቲኩ እንደገና ተንኮሻኮሸ። ሁለታችን በአንዲት ትንሽ ስልክ ውስጥ ተጣብበን ገባን።

«አፉ አልሻት?» አለቻት።

«ብያታለሁ እማ።»

ጎረቤቴ እጇን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ፍራሹን መታ መታ አደረገችና ልጇን «ይህን ፕላስቲክ እናንሳልሽ እንዴ? አቧራ ይዞታል» አለቻት።

«ተዉት» አለች ልጅቷ። «ለአረፋ መጥቼ እኔው አነሳዋለሁ።»

ለአረፋ! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ኢንሻአላህ» ስትል የኖረች ልጅ ቀን ቆረጠች። ጎረቤቴ ዞራ አየችኝ፤ የሰማነው አንድ መሆኑን ለማረጋገጥ ነው። ከዚያ ጭልፋዋን እንደያዘች ተነስታ እልልታዋን አቀለጠችው፤ እኔም ተቀበልኳት። በመስኮቱ ወጥቶ ከአጥሩ ማዶ ዳሱ ድረስ ሲደርስ፣ እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ሙሽሮቹ የተነሱ መስሎት እልል አለልን።